መጀመሪያ ጀርባውን የሚያዩት አጎቴ

ነገ የአጎቴ የጋሼ አርባ ነው። በስደት አገር፣ ዱርንፎንቴን በሚባል ሰፈር ውስጥ የብር ጌጥና ጥንታዊ ሳንቲም ይነግዱ ነበር። የሮማ ዲናር እጃቸው ሲገባ ሁልጊዜ መጀመሪያ ጀርባውን ነበር የሚያዩት። አንድ ቀን አንዱን በአጉሊ መነጽር አሳዩኝ። በፊቱ ቄሣር የድል አክሊል ደፍቷል፤ በጀርባው አንድ ምርኮኛ እጁን የኋሊት ታስሮ ተንበርክኳል።

«ቄሣርንማ ሁሉም ያየዋል፤ አንቺ ይሄን ምስኪን እዪው» አሉኝ።

ባለፈው ወር፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ «የውጭ ሰዎች ይውጡልን!» የሚሉ ሰዎች ዱላና ብረት ይዘው ጎዳናውን ወረሩት። የጎረቤታችንን የጫማ ሻጩን ሱቅ ሰባበሩ፤ እሱንም አስፋልቱ ላይ አንበርክከው ደም በደም እስኪሆን ይቀጠቅጡት ጀመር። የሱቃችንን በር ልዘጋ ስል ጋሼ ገፉኝ።

«ጋሼ፣ ይገድሉዎታል!» ብዬ ጮህኩ።

«ታዲያ ቆሜ ልየው?»

ሮጠው ወጥተው በላዩ ላይ ተደፉበት። ለእሱ የተሰነዘረው ብረት የእሳቸውን ጭንቅላት ፈለጠው። በሦስተኛው ቀን አረፉ።

ጫማ ሻጩ ጭንቅላቱ በፋሻ እንደተጠቀለለ ለቅሶ መጥቶ በር ላይ ቆመ።

«ግባ እንጂ» አልኩት።

«በምን ፊቴ፣ እህቴ?» አለና አለቀሰ።

እጁን ይዤ አስገባሁትና የጋሼ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። ከጫማ ሻጩ ወዲህ ማንም አልተቀመጠበትም።