አምስት ወር የቆመችው አውቶቡስ

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሳሪስ

የዛሬው ጉዞዬ ከሳሪስ ፒያሳ ነው። "ይሄም ጉዞ ተብሎ ይጻፋል?" የሚል አይጠፋም። ይጻፋል! ቦርሳዬ ውስጥ የሰው አደራ አለ፤ አምስት ወር ሙሉ ደግሞ በገዛ እጄ አስሬዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ሜሮን ጂኦካሺንግ የሚባል ጨዋታ አስለመደችኝ። ሰዎች በየአገሩ ትንንሽ ሣጥን ይደብቃሉ፣ ቦታውን በጨዋታው የስልክ አፕ ላይ ያስቀምጣሉ፣ እኛ ስልካችንን ይዘን እንፈልጋለን። የመጀመሪያ ሣጥኔን ያገኘሁት ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ነው። ውስጡ አውራ ጣት የምታክል ቀይ የብረት አውቶቡስ ነበረች፤ ቁጥር የተቀረጸበት ጠፍጣፋ ብረት በሰንሰለት ተንጠልጥሎባታል። ቁጥሩን አፑ ላይ ሳስገባ ታሪኳ ወጣ። ባለቤቷ ጆሴፍ የሚባሉ ናይሮቢ የሚኖሩ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። "ጉልበቴ እምቢ ብሏል፤ እሷ በእኔ ፋንታ ትዙር። ገበያና መናኸሪያ ያላቸውን ከተሞች ብታይልኝ ደስ ይለኛል" ብለው ጽፈዋል።

አንጀቴን በሉት። መውሰዴን አፑ ላይ መዝግቤ፣ አውቶቡሷን ቡፌ ውስጥ፣ እንግዳ ሲመጣ እንኳ ከማይወጡት ስኒዎች አጠገብ አስቀመጥኳት። አቧራ እንዳይነካትም በፕላስቲክ ጠቀለልኳት። የሰው ዕቃ እንዲህ ነው የሚያዘው ብዬ በራሴ ኮርቼ ነበር እኮ!

ባለፈው ረቡዕ ከጆሴፍ መልእክት መጣ። "አውቶቡሴ ጠፍታም ከሆነ ንገሪኝ፣ አልቆጣም። ሰኞ ጉልበቴን ለቀዶ ሕክምና ሆስፒታል እገባለሁ። ከዚያ በፊት መንገድ ላይ መሆኗን ብሰማ ደስ ይለኛል።"

ለሜሮን ሳሳያት ጭንቅላቷን ያዘች። "አንቺ ሴትዮ፣ ይቺ እኮ ተጓዥ ዕቃ ናት! በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ሌላ ሣጥን ታደርሻታለሽ፤ ካልቻልሽ ለባለቤቱ ትጽፊለታለሽ። የሹፌር አውቶቡስ ቡፌ ውስጥ?"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሦስት ሰዓት፣ ታክሲ

ለገሃር ላይ የፒያሳ ሚኒባስ ያዝኩ፤ ሃያ ብር። ቴዎድሮስ አደባባይ ስንደርስ መንገዱ ተጨናንቆ ቆምን። አውቶቡሷን ከፕላስቲኳ አውጥቼ ሳያት ረዳቱ አንገቱን አሰገገ።

"እናቴ፣ ይቺኛዋ ትርፍ ትጭናለች?"

ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ወይ አራዳ! ሰው ተጨንቆ እንኳ አይተዉትም። እኔም ሳላስበው ሳቅሁ።

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ፒያሳ

የመረጥኩት ሣጥን ከጊዮርጊስ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ የአንድ አሮጌ ቤት የድንጋይ አጥር ውስጥ ነበር። ሰፊ ስለሆነ አውቶቡሷ ሳትጨናነቅ ትገባለች፤ ጎብኚ ስለሚበዛበትም ቶሎ የሚያነሳት ታገኛለች ብዬ ነው፤ የቅርብ ጊዜ አስተያየቶቹን ግን አላነበብኩም።

ደረስኩ። ቤት የለ፣ አጥር የለ። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ አግዳሚ ወንበር፣ አበባ። ስልኬ "እዚህ ነው" የሚለው የአበባው መሐል ነው። የመጀመሪያ ቆዳ ጫማዬን አባቴ የገዛልኝ እዚሁ ሰፈር ነበር፤ ሱቁ የቱ ጋ እንደነበር እንኳ ጠፋኝ። ፒያሳ ምን ብትለወጥ ግን መጥላት አይሆንልኝም። እንባዬ መጣ፤ ለጫማው ይሁን ለጆሴፍ እንጃ።

አግዳሚው ሥር ልደብቃት አስቤ ለሜሮን ደወልኩ።

"እንዳታደርጊው! ሣጥን የሌለበት ማስቀመጥ መጣል ነው። ጠራጊ ያነሳታል።"

አራት ሰዓት፣ ጋሽ ሰይድ ሱቅ

ከመንገዱ ማዶ ካልፈረሱት ሱቆች አንዱ የሰዓት መጠገኛ ነው። አበባው መሐል ሳጎነብስ ያዩኝ ሽማግሌ ከባንኮኒው ጀርባ ጠሩኝ። ጋሽ ሰይድ ይባላሉ፤ ወላጆቻቸው ከወሎ መጥተው፣ እሳቸው እዚሁ ተወልደው ያረጁ ናቸው።

"ልጄ፣ የጣልሽው ነገር አለ?"

"የለም ጋሼ። አጥሩ ውስጥ የነበረ አረንጓዴ የቆርቆሮ ሣጥን ነው የምፈልገው።"

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉ። "ያንቺ ነው?"

"አይደለም።"

"እንግዲያ አልሰጥሽም።"

ልቤ ዘለለ። ሣጥኑ አለ ማለት ነው! ቤቱ ሊፈርስ ሲል ሄደው ያወጡት እሳቸው ኖረዋል። በጨርቅ ጠቅልለው ላይኛው መደርደሪያ ላይ ሰቅለውታል።

"ባለቤቱ ሲመጣ አስረክባለሁ ብዬ ይኸው ስምንት ወር። ወላሂ አንድ ቀን አልከፈትኩትም። ስንቱ መጥቶ ሲፈልግ እያየሁ ዝም ብያለሁ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ።"

"ጋሼ፣ እኔም እንደ እርስዎ ነው ያጠፋሁት" አልኳቸው።

ተቆጡ። "እኔ ምን አጠፋሁ? አደራ በላ ነኝ?"

"ኧረ በፍጹም!" ብዬ አውቶቡሷን ባንኮኒው ላይ አቆምኳት። ስለ ቡፌው ሳልደብቅ ነገርኳቸው። የጆሴፍንም መልእክት በአማርኛ አነበብኩላቸው።

በጣታቸው ጎማዋን ነካ አደረጉ። "ሰኞ ነው ያልሽው?"

"ሰኞ።"

"እና ያ ሁሉ ሰው ባዶ እጁን የተመለሰው በእኔ ነው?"

"አብረን ነው ጋሼ።"

"አብሽሪ" አሉና ሣጥኑን ሊያወርዱ ወንበር ላይ ወጡ።

ሣጥኑን ለደበቀው ሰው አፑ ላይ ጻፍኩለት። ማኪያቶ አስመጥተው ሳንጨርስ መልስ መጣ፦ "ጠፍቷል ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር! ጋሽ ሰይድ ከፈቀዱ እዚያው ባንኮኒው ላይ ይሁን፤ ቦታውን አስተካክላለሁ።"

ፈቀዱ። እኔም የሁለት ቀን ዕውቀቴን ይዤ አስተማሪ ሆንኩ። ከሣጥኑ ሌላ ዕቃ የወሰደ ምትክ ያስቀምጣል፤ ለተጓዥ ዕቃ ግን ምትክ አያስፈልግም። የሚወስዳት ሰው ፍላጎቷን አስቀድሞ ያንብብ፣ መውሰዱንም ይመዝግብ። በስልካቸው ፎቶ ሊያነሷት ሲሉ ቁጥሯን በጣቴ ሸፈንኩ።

"ቁጥሩን ያየ ሁሉ ሳያገኛት አገኘኋት ብሎ ይመዘግባል" አልኳቸው።

"ሌባ የሌለበት ጨዋታ የለም በይኛ!"

አውቶቡሷን ሣጥኑ ውስጥ አስገብቼ የማኪያቶውን ልክፈል ብል በዓይናቸው መለሱኝ።

እሑድ፣ ሳሪስ

ቤቴ ከገባሁ ጀምሮ ስልኬን ከእጄ አላወጣሁም። ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሰይድ ደወሉ።

"ሄደች! የወሰዷት ባልና ሚስት ናቸው፤ ነገ ማለዳ ወደ ድሬዳዋ ይሳፈራሉ። ሁለት ሳምንት ብቻ ብዬ አስምያቸዋለሁ። ለምጃት ነበር እኮ፣ ሁለት ቀን እንኳ ሳትሞላ።"

አደራ ማለት ቆልፎ መጠበቅ ይመስለኝ ነበር። ለካ እጄ ላይ በማቆየት የምበድለው ሰውም አለ። ለጆሴፍ ይህንኑና የድሬዳዋውን ጉዞ ጽፌ ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

መልሳቸው ሰኞ ጠዋት ገባ።

"የሆስፒታል አልጋ ላይ ነኝ፤ ወደ ቀዶ ሕክምናው ሊወስዱኝ ነው። ነርሷ ምን ያስቅዎታል ብትለኝ፣ አውቶቡሴ ከአዲስ አበባ ተነስታ ድሬዳዋ እየሄደች ነው አልኳት። 'ሩቅ ነው?' አለችኝ። አዎ፣ ሩቅ ነው አልኳት። 'እንግዲያው እሷ ሳትደርስ እርስዎ ይነቃሉ' አለችኝ።"