ስድስት ሰከንድ የቀደመው ሬዲዮ

ጎጃም በረንዳ ውስጥ ጋሽ ዘመድኩን ከፍተው ያልጠገኑት ሬዲዮ ካለ ገና ከፋብሪካ ያልወጣው ብቻ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ካጎነበሱበት ቀና የሚሉት ለሁለት ነገር ነው፤ ለምሳና ለዜና። ሱቃቸው ከመጥበቧ የተነሳ እሳቸው ሲያስነጥሱ ሦስት ጣቢያ ይቀየራል።

አንድ ልማድ አላቸው። የጠገኑትን ሬዲዮ ባለቤቱ መጥቶ እስኪወስደው ድረስ አያጠፉትም። "ዝም ካለ ሥራውን ይረሳል" ይላሉ። በዚህ የተነሳ ባለቤቶቻቸው የረሷቸው ሠላሳ ሰባት ሬዲዮኖች መደርደሪያው ላይ ተኮልኩለው አንድ ጣቢያ በአንድ አፍ ሲያወሩ ይውላሉ።

ሦስት በር አለፍ ብሎ ኢልያስ አለ። ዲሽና ሪሲቨር ይሸጣል፤ ከጀርባ ባለው ክፍል ደግሞ ኳስ ያሳያል። ጣራው ላይ የተከላቸውን ዲሾች ያየ ሰው ከጨረቃ እንግዳ የሚጠብቅ ይመስለዋል። ዕቃ ማስቀመጫ ሲጠበው የጋሽ ዘመድኩንን ሱቅ ተመኘና የሁለቱም አከራይ ወደሆኑት ወደ እትዬ ሠርኬ ሄደ።

እትዬ ሠርኬም ፈረዱ። "ዘመድኩን፣ እሁድ ብሔራዊ ቡድኑ ይጫወታል። ደጅህ ላይ ሬዲዮ የሚሰማ ሕዝብ ካየሁ ሱቁ ያንተው ነው። ካላየሁ ሰኞ ቁልፉን ለኢልያስ ታስረክባለህ።"

"ጋሼ፣ ወላሂ ባይለፉ ይሻላል" አለ ኢልያስ። "ሁለት መቶ ቻናል እያለ ማን ሳጥን ያዳምጣል?"

"አንተ፣ ሁለት መቶውን ስትቀያይር አይደል እንዴ ጨዋታው የሚያልቅብህ!"

እሁድ ኢልያስ ቤት ሰው ከመታጨቁ የተነሳ የሚተነፍሰው በተራ ነበር። ጋሽ ዘመድኩን ደጅ የተገኘው ወዛደሩ ይገረም ብቻ ነው፤ እሱም እዚያ ቦታ አጥቶ። እትዬ ሠርኬ በሁለቱ ሱቆች መሀል ዱካ ላይ ተቀምጠው ይታዘባሉ።

በሠላሳ አንደኛው ደቂቃ ሠላሳ ሰባቱም ሬዲዮኖች "ጎ...ል!" ብለው ጮሁ። ይገረምም ዘለለ።

"ምን ሆነ ይኼ? ኳሱ ገና መሀል ሜዳ ነው እኮ!" ብሎ የኢልያስ ቤት በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሳያልቅ ኳሷ መረብ ውስጥ ገባች። ሕዝቡ መጨፈሩን ትቶ ወደ በሩ ዞረ።

"ይገረም! በምን አወቅህ?"

"ሬዲዮው ነገረኝ!"

ጋሽ ዘመድኩን ብቅ አሉ። "ምን ያስደንግጣችኋል? ዲሹ ወሬውን ሰማይ ድረስ ሰቅሎ ነው የሚያወርደው። የእኔዎቹ እዚሁ በአጥር ይቀበላሉ። ስድስት ሰከንድ እንቀድማለን!"

ከእረፍት በኋላ የኢልያስ ቤት ሰው ግማሹ ሬዲዮው ደጅ ቆመ። ስድስት ሰከንድ ደግሞ ሦስት በር ለመሮጥ ይበቃል! ሁለተኛው ጎል በሬዲዮ ሲገባ ሕዝቡ ጎሉ ሳያመልጠው ለማየት ወደ ኢልያስ ቤት ጎረፈ፤ አንድ ጋሪ ተገለበጠ፤ የስንት ሰው ጫማ ቀረ። ከፊት የመሩት ነጠላቸውን ያገለደሙት እትዬ ሠርኬ ናቸው።

"ዝም ብላችሁ እዩ፣ አሁን ትገባለች!" አሉ ስክሪኑ ፊት ቆመው። ገባች። "አላልኳችሁም!" እያሉ ያገኙትን ሁሉ አቀፉ፤ ኢልያስንም ጭምር።

"እትዬ፣ ሰዉ የሚሮጠው እኮ ወደ እኔ ነው" አለ ኢልያስ ከእቅፋቸው ሳይወጣ።

"ተነስቶ የሚሮጠውስ ከየት ነው? ቁልፉ ከዘመድኩን እጅ አይወጣም!"

ኢልያስ ወደ ጋሽ ዘመድኩን ሄደ። "ጋሼ፣ አንዷን ያውሱኝ። በገዛ ቤቴ የመጨረሻው ሰሚ ልሁን እንዴ?"

"የሰው ንብረት ናቸው፣ አላውስም። ግን ግባ። ይገረም፣ ጠጋ በልለት፤ ጭማሪ ደቂቃ አለ።"

ኢልያስ ጆሮውን መደርደሪያው ላይ ለጠፈ። ከጀርባው ደንበኞቹ "ምን አለ? ምን አለ?" ሲሉ እጁን ወደኋላ አወናጨፈ።

"ዝም በሉ እንጂ! እየሰማሁ ነው!"