የደኑ ብር ያልተሻገረው ወንዝ

ንጋት፣ ነቀምቴ

ከበከኒሳ ቀሴ ሰፈር ስንነሳ ገና አልነጋም። ሲያካፋ ነው ያደረው። የባጃጁ ሾፌር ቶለሳ መስታወቱን በእጅጌው ይጠርጋል፤ መጥረጊያው ከተበላሸ ሰንብቷል። ከዲጋ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ቀበሌ፣ ለደን ጥበቃ ከውጭ አገር የመጣ ገንዘብ በምን ላይ እንደሚውል ሕዝቡ ይወስናል ሲባል ሰምቼ ነው የምሄደው።

«አክስቴ እዚያ ናት» አለ ቶለሳ። «አዳዳ ጫልቱ፣ የአባቴ እህት። ቤቷ ደኑ ጥግ ነው። ዛሬ ትናገራለች።»

«ምን ልትል?»

«ድልድይ ልትጠይቅ።»

ረፋድ፣ ዲጋ

ዲጋ ላይ የተቀቀለ የአንጮቴ ሥር በቅቤ በላን፣ ሻይ ጠጣን። ዋጋው ጨምሯል፤ ባለቤቷ ሳንጠይቃት «ቅቤው ነው እኮ» አለችን። ከዚያ አስፋልቱን ለቀን ቀዩ ጭቃ ውስጥ ገባን። ሁለት ጊዜ ወርጄ ገፋሁ።

የቀበሌው ስብሰባ አንድ የትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ነው። የእርጥብ ጋቢና የጭቃ ሽታ። ከመንገድ ዳር ሰፈሮች የመጣው ሰው ክፍሉን ሞልቶታል። ከወንዙ ማዶ፣ ከደኑ ጥግ የመጡት ከኋላ ሁለት አግዳሚ ወንበር ብቻ ያዙ።

የደን ማኅበሩ ሊቀ መንበር ኦቦ ዲንሳ ሁለት ሐሳብ መቅረቡን ተናገሩ፦ መንገዱ ዳር የሚሠራ የስብሰባ አዳራሽ፣ ወይም ድልድይ። አዳዳ ጫልቱ ተነሡ። ቀጭን፣ ረጅም ሴት ናቸው። በኦሮምኛ ሲናገሩ ቶለሳ በጆሮዬ ይተረጉምልኛል።

«ድሮ ድልድያችን ሲበሰብስ ግንድ ቆርጠን እንዘረጋ ነበር። ደኑን አትንኩ አላችሁን። እሺ አልን፤ አልነካንም። ድልድዩ ወደቀ። አምና ክረምት የልጄን ሚስት ምጥ ያዛት። በቃሬዛ አምጥተን ወንዙ ዳር ቆምን። ውሃው እስኪጎድል ጠበቅን። እሷ ተረፈች፤ ልጁ አልተረፈም። ይሄ ብር የመጣው እኛ ስላልቆረጥን ነው። ድልድይ ሥሩልን።»

ቀጥሎ እጅ አውጡ ተባለ። አዳራሹ አሸነፈ፤ መቁጠርም አላስፈለገም።

ሰው ሲበተን ኦቦ ዲንሳን ጠየቅኳቸው። «ቢያንስ ግንድ እንዲቆርጡ ቢፈቀድላቸውስ?»

«ከፈቀድኩ ደኑ ተነካ ይባላል፤ ለሁላችንም የሚመጣው ብር ይቆማል። ድምፁ ደግሞ የሕዝብ ነው። ምን ላድርግ?»

ፊታቸው ላይ ክፋት ፈለግሁ፤ አጣሁ። ባገኝ ይቀለኝ ነበር።

አመሻሽ፣ ከወንዙ ማዶ

ባጃጁን ወዲህ ትተን ሱሪያችንን ጠቅልለን ተሻገርን። ውሃው ገና እስከ ጉልበት ነው፤ ክረምቱ ሲገባ ግን ሰው ይወስዳል። አዳዳ ጫልቱ ቤት አደርን። እራት ያቀረበችልን ምራታቸው ቦንቱ ነበረች። ነፍሰ ጡር ናት፣ እንደገና። ስለ ስብሰባው ማንም አላወራላትም፤ እሷም አልጠየቀችም።

በነጋታው

በመዶሻ ድምፅ ነቃሁ። ጎረቤቶች ጓሮ ያለውን የከብት በረት ያፈርሳሉ። አዳዳ ጫልቱ አጠገባቸው ቆመዋል።

«አካም ቡልተኒ» አልኳቸው፣ እንዴት አደሩ ለማለት።

«ነጋ ዳ፣ ሰላም ነው» ብለው በአማርኛ ቀጠሉ። «ደኑ ውስጥ ማሰማራት ሲከለከል ላሞቹን ሸጥኩ። ባዶ በረት ምን ያደርግልኛል? ይሄን እንጨት እንኳ ማንም አይከለክለኝም።»

ረጃጅሞቹን ምሰሶዎች ተሸክመን ወደ ወንዙ ወረድን። ከዳር ዳር አልደረሱም። ጎረቤቶቹ ወንዙ መሀል ያለ አለት ላይ አሳርፈው፣ ከዚያ ሌላ ቀጥለው በጠፍር አሰሩት። ቶለሳና እኔ እጃችንን ዘርግተን፣ አንድ በአንድ ተሻገርን።

«ያዘ?» አሉ አዳዳ ጫልቱ ከማዶ።

«ያዘ» አልኩ።

ቶለሳ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቃሬዛ ግን አያሳልፍም» አለኝ።

ዞር ስል ቦንቱ ከማዶው ዳር ደርሳለች። አንድ እግሯን እንጨቱ ላይ አሳረፈች። ተነቃነቀባት። እግሯን መልሳ ጭቃው ላይ አደረገችና ሆዷን ይዛ ቆመች። ወንዶቹ የቀረውን እንጨት ሊያመጡ ሽቅብ ወደ በረቱ ሄዱ።