የአክስቴ ድራሙ የእንግሊዝ ንጉሥ

ልጅ ሳለሁ፣ ሻዩ ከከሰል ምድጃው ወርዶ ፍሙ ብቻውን ሲቀር፣ አክስቴ ድራሙ የኩራዙን ክር ዝቅ ታደርግና ስለ አንድ የጥንት የእንግሊዝ ንጉሥ ታወራልን ነበር። ታሪኩን የሰማችው ኬንያ፣ ማርሳቢት ስትማር ነው። አስተማሪዋ ጠንቋይና አስማተኛ ሰይፍ ያለበት አድርጎ ነገራት፤ እሷ አላመነችውም። ያኔ ለእኛ በአማርኛ፣ መሃል መሃል ኦሮምኛ ጣል እያደረገች ስትተርክልን፣ ንጉሡ በሰው ቤት ያደገ፣ የሚርበውና የሚፈራ ጎረምሳ ነበር። ሰይፉም ድንጋይ ላይ የተጋደመ ተራ ብረት ነው፤ ያነሳው ሰው እርስ በርስ በሚዋጉ ጎሳዎች መሃል ሄዶ መቆም ስላለበት ከእሱ በቀር ማንም አልነካውም።

«ከብዷቸው መሰላችሁ? ፈርተው ነው» ትለን ነበር።

በአንድ የድርቅ ዓመት፣ ወደምንኖርበት የሞያሌ መንደር፣ ወደ ኦዳ፣ የውሃ ቦቴ መጣ። ጀሪካናችንን ይዘን ቀድመን ተሰለፍን። ከሩቁ መንደር ከቦሪ ከብት እየነዱ የመጡ ሰዎች ሲደርሱ ግፊያ ተጀመረ፣ ዱላም ተነሳ። አክስቴ ከፊት የነበረውን ጀሪካናችንን አንስታ ከቦሪዎቹ ኋላ አስቀመጠችና ተመልሳ በዱላዎቹ መሃል ቆመች።

«ድራሙ፣ አብደሻል እንዴ?» ብሎ አጎቴ ጮኸ።

«እነሱ ሲጓዙ ነው ያደሩት፣ እኛ ተኝተን። የሚመታ ካለ እኔን ይምታ!»

ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። መጀመሪያ አንዲት ጎረቤታችን፣ ከዚያ ሌሎችም ጀሪካናቸውን ወደ ኋላ ወሰዱ።

ውሃው እኛ ጋ ሳይደርስ አለቀ። በዚያው ሳምንት ጥጃችን ሞተች፤ አክስቴንም አኮረፍኳት። ቦቴው ዳግም ሲመጣ ዱላ ይዞ የመጣ ሰው አልነበረም፣ ያም ቢሆን ንዴቴ አልበረደልኝም። አንድ ማታ ግን አላስችል አለኝና ጠየቅኳት።

«ያ ንጉሥ በመጨረሻ አሸነፈ?»

«አይ ልጄ፣ የገዛ ዘመዱ ወግቶ ገደለው። ክብ ሠርቶ ተቀምጦ መማከርን ግን ሕዝቡ ከእሱ ተምሮ አልተወውም።»

አክስቴ ካረፈች ቆይታለች። እኔ ዛሬ ታሪኩን በመጽሐፍ እየጻፍኩት ነው፣ እሷ እንደነገረችን፣ አስማት ሳልጨምርበት። «አንቺ የሞያሌ ሴት፣ ስለ እንግሊዝ ንጉሥ ምን አገባሽ?» የሚሉኝ አሉ። ይበሉ፤ በየጠዋቱ ሱቄን ከመክፈቴ በፊት ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ። ያቃተኝ አንድ ምዕራፍ ብቻ ነው፦ ንጉሡ ሰዎቹን አስታርቆ ባዶ እጁን ቤቱ ሲገባ፣ የተጠማች ልጁ አኩርፋ ፊቷን የምታዞርበት። ደጋግሜ ቀድጄዋለሁ። ነገም እጽፈዋለሁ።