ከመኪናው ስር መጀመሪያ የሚገቡት

አጎቴ ማንም ሰው ከመኪና ስር ቀድሟቸው እንዲገባ ፈቅደው አያውቁም። ፒካፑን በክሪክ አንስተው፣ በድንጋይ ደግፈው፣ በትከሻቸው ገፋ ገፋ ያደርጉታል። ከዚያ ራሳቸው ገብተው ይጋደሙና፣ «በል፣ አሁን ና» ይሉኛል።

በመካነ ብርሃን መንገድ የኋላ አክስሉ ሲሰበርባቸው፣ ደባርቅ ድረስ አስጎትተው አመጡት። የግቢያችን በር መሀል ላይ ሲደርስ አልገባ አለ። «እዚሁ ይሰራል፤ ምን አለበት» አሉ። ጠንከር ያለ አክስልና ባሌስትራ ከጎንደር አስመጡ። አሮጌውን አውርደን አዲሱን ሳንገጥም አረፉ።

መኪናው የሚነዳም የሚጎተትም ስላልሆነ፣ አስከሬናቸውን ያወጣነው የጎረቤትን አጥር አፍርሰን ነው። ዛሬም የምንገባው የምንወጣው በዚያው ነው። ጎረቤታችን መልሶ እንዳያጥር ይሉኝታ ይዞታል፤ እኛም ቀና ብለን አናየውም።

ትናንት የአጎቴ ባለቤት፣ «ልጄ፣ ስራውን ከሳቸው ጋር ስትሰራ ኖረሃል፤ እባክህ ግጠመውና በራችን ይከፈት» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ስራውን አውቀዋለሁ።

ድንጋዮቹን አየሁ። መኪናውን በትከሻዬ ገፋሁት፤ አልተነቃነቀም። ተንበርክኬ ወደ ስሩ ተመለከትኩ፤ እሳቸው የሚጋደሙበት ማዳበሪያ እንደተነጠፈ ነው። «በል፣ አሁን ና» እስክባል ስጠብቅ መሸብኝ።