ክር የሌለው የስፌት መኪና

ሰፈርተኛው «ሬዲዮ» ይላታል፤ አንዴ ከተከፈተች አትዘጋማ። ጤና ጣቢያው ከወሊድ በኋላ ሐዘን የተጫናቸውን እናቶች ቤታቸው ድረስ ሄደው የሚያነጋግሩ ሴቶችን ሲያሠለጥን እሷም ተመረጠች። ጎረቤት በሳቅ ሞተ። «ሬዲዮ ደግሞ መቼ ሰምቶ ያውቃል?»

አብራቸው ሳቀች። ሥራውን ግን ከልቧ ወደደችው።

አምስት ሳምንት ሙሉ የተመላለሰችው አንዲት ወጣት ልብስ ሰፊ ቤት ነው። ልጅቷ የመጀመሪያ ልጇን ከወለደች ሦስት ወሯ ነው፤ አትበላም፣ አትተኛም፣ ዓይኗን ሕፃኑ ላይ አታሳርፍም። ደንቡ ጭውውቱ የሁለት ሰው ብቻ ይሁን ይላል። አማትየው ግን ወንበር ስበው መሃላቸው ቁጭ ይላሉ፤ ትልቅ ሰውን ከገዛ ቤታቸው ውጡልኝ ማለት እንዴት ይሆናል? ሬዲዮ «እንቅልፍ እንዴት ነው፣ የኔ ልጅ?» ስትል «ደህና ነው፣ ተመስገን» ብለው የሚመልሱት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወሬው ወደ ጉልበታቸው ሕመም ይዞራል።

በአራተኛው ሳምንት ከደጅ ሆና የስፌት መኪናውን ድምፅ ብትሰማ ደስ አላትና ወረቀቷ ላይ «ሥራ ጀምራለች፤ ተሽሏታል» ብላ ጻፈች።

በስድስተኛው ሳምንት ስትደርስ አማትየው ውሃ ሊቀዱ ወጥተዋል። መኪናው ይንገጫገጫል፤ ሕፃኑ አልጋው ላይ ፊቱ እስኪቀላ ያለቅሳል። ልጅቷ መርገጫውን ትረግጣለች፤ መርፌው ሥር ግን ጨርቅ የለም። ክርም የለም።

«ምኑን ነው የምትሰፊው?»

«ምንም። ድምፁን እንዲውጥልኝ ነው፣ እትዬ።»

ሬዲዮ ሕፃኑን አንስታ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። «ምነው ሳትነግሪኝ?»

«መቼ? እርስዎ የሚመጡት ከእሳቸው ጋር ሊጫወቱ አይደል?»



አማትየው ጀሪካናቸውን አስቀምጠው ገቡ፤ ወንበራቸውንም ሳብ አደረጉ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... ከልጅቷ ጋር ብቻችንን እንሁን።»

«ከቤቴ?!»

«ለአንድ ሰዓት ብቻ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ገና በመጀመሪያው ቀን ልነግርዎ ይገባኝ ነበር።»

«በዚህ ዕድሜዬ እንግዳ ታስወጣኝ!» ሕፃኑን ከእጇ ተቀብለው እያጉረመረሙ ወጡ።

ልጅቷ እግሯን ከመርገጫው አነሳች።

«የሰው ልጅ ተበድሬ የማጠባ ነው የሚመስለኝ» አለች። «አንዳንድ ቀን ደግሞ...»

ሬዲዮ ልታጽናናት አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው።

«አንዳንድ ቀን ጥዬው ልሄድ በሩን እከፍታለሁ» አለች ልጅቷ፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ። «ትናንትም ከፍቼው ነበር።»