የኛ ሰው ናት

ደብረ ብርሃን ውስጥ ከእታፈራሁ ጋር ትንሽ ያወራ ሰው፣ ሳይታወቀው የልቡን አውጥቶላት ይሄዳል። የበግ ጸጉር እየፈተለች ኮፍያ ሠርታ ትሸጣለች፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ግራጫ። ገዢው ኮፍያውን ሲለካ፣ «የአንኮበር መንገድ ዛሬ እንዴት ነው?» ትለዋለች እንደ ዘበት። ቀብረር ብሎ «ምን ይሆናል፣ ሰላም ነው» ያለውን ሸጣለት ትሸኘዋለች። ግራ ቀኙን አይቶ ድምፁን ዝቅ በማድረግ «ያው ነው እንግዲህ» ያለውን ግን፣ የኛ ሰው ነው ትልና ደህናውን መርጣ ታወጣለታለች።

እንዲህ ሰው መለየት የጀመረችው ወዳ አይደለም። ልጇ ብሩክ ትምህርቱን ጥሎ ጫካ ከገባ ዓመት አልፎታል፤ ድምፁን ከሰማች ቆይታለች። እሷም ጫካ ያሉት ልጆች እውነት አላቸው ብላ ታምናለች። ለጠየቃት ሁሉ ግን «አዲስ አበባ ሥራ ይዟል» ነው መልሷ። ይህን እየደጋገመች አንጀቷ አረረ። የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር እንዝርቷ ከእጇ ያመልጣል። ስሙን ጠርታ ስታለቅስ አብሯት የሚያለቅስ አንድ ሰው አጣች።

ክረምቱ ሲወጣ ምሥራቅ የምትባል ሴት ከመዘዞ መጥታ ጎኗ ያለውን ክፍል ተከራየች። እሷም ነቢዩ የሚባል ልጅ አላት። የት ነው ሲሏት «አዲስ አበባ» ትላለች፤ የት ሰፈር እንደሆነ ግን አታውቅም። አከራያቸው ቤት ቴሌቪዥን እያዩ ዜና ሊጀምር ሲል ነጠላዋን ሰብስባ ውልቅ ነው። ስልኳ ሲጠራ የያዘችውን ጥላ እየሮጠች ትወጣለች። ታዲያ ይሄ ምን ማብራሪያ ይፈልጋል? የኛ ሰው ናት አለች እታፈራሁ።

አንድ ቅዳሜ ልብስ አብረው ሲያሰጡ ዘረገፈችው። «ምሥራቅዬ፣ የኔም እንዳንቺው ነው። ብሩክ ጫካ ነው።»

የምሥራቅ እጅ እርጥቡ አንሶላ ላይ ቀረ። «የኔ እንኳ መከላከያ ነው» አለች። «ሰው እንዳይጠላኝ ነው አዲስ አበባ የምለው።» ከዚያ አንሶላውን ሳታሰጣ ቤቷ ገባች።

እታፈራሁ በገዛ አፏ ልጇን አሳልፋ የሰጠች መሰላት። መጡ፣ አልመጡ እያለች ከበሩ እስከ መደቡ ስትመላለስ ሰነበተች። ምሥራቅን መጥላት አማራት፤ ስልክ በጠራ ቁጥር የምትርበተበትን እናት እንዴት ብላ ትጥላት? ይሄም ራሱ አበሳጫት።

ሰኞ አመሻሽ ላይ ምሥራቅ መጣች። ተቀመጪ ብትላትም አልተቀመጠችም።

«ለማንም አልተናገርኩም፤ አልናገርምም። የልጅሽን መንገድ ግን አልደግፍም፣ ይህን እወቂልኝ።»

«እኔም የልጅሽን አለቆች አልደግፍም» አለች እታፈራሁ።

«እሺ። የት እንዳለ እንዳትነግሪኝ፤ እኔም አልነግርሽም። ከደወለልሽ ግን አንድ ነገር ንገሪልኝ። ነቢዩ ረጅም ነው። ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው፣ በልጅነቱ ከአጥር ወድቆ ነው። ድንገት ካየው…»

«የኔ ቀጭን ነው» አለች እታፈራሁ። «ግራኝ ነው። እኔ የሠራሁለትን ግራጫ ኮፍያ ከራሱ አያወልቅም።»

«ቀጭን፣ ግራኝ፣ ግራጫ ኮፍያ» እያለች ምሥራቅ እንዳይጠፋባት ደጋገመችው፤ እየደጋገመችም ወጣች።

እታፈራሁ ልትጠራት ተነሳችና በሩ ላይ ቆመች። ያንኑ ዓይነት ኮፍያ ለስንቱ ሸጣለች፤ ለገበሬው፣ ለተማሪው፣ ብርድ ላስጨነቀው ወታደር ሁሉ።